ከአድማሴ የለመንሁት

የአድማሴን ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቀድሞ ከሚያወራብኝ እኔው ልናገረው። ሀብትነሽ እባላለሁ፤ ከማንኩሳ በእግር ግማሽ ሰዓት ከምታስኬድ ገጠር የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ፣ አፌ የማያርፍ ሴት ነኝ። ክፉ ግን አይደለሁም። ክፉ ብሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ጥፋት መች ያገኘኝ ነበር! ክፉ ሰው የሰው ችግር ምን ገዶት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ ከፍኖተ ሰላም አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ወደ ሚካኤል ደብራችን በቆሎና ዘይት ሊያመጣ ተነሣ። ወጣቶች ናቸው፤ ልባቸው ማር። "በአጥቢያችሁ ከተቸገሩት የአሥር አባወራ ስም ላኩልን" አሉ። ሰንበቴውን የማስተባብረው እኔ ነኝና የደብሩ ሽማግሎች ነገሩን ለኔ ሰጡት። "ማን ምን በልቶ እንዳደረ ከሀብትነሽ በላይ የሚያውቅ የለም" ብለው። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ? ዲያቆኑን አስቀምጬ ከሁሉ አስቀድሜ አድማሴን አጻፍሁት።

አድማሴ ጎረቤቴ ነው፤ አርባ አምስት ቢሆነው ነው። እርፍ ሲይዝ መሬቱ የሚታዘዝለት ገበሬ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክድም። ግን በጥቅምት በረዶ ጤፉን አራገፈበት። በኅዳር ደግሞ ሚስቱ ሥርጉት ታማ ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ ለዚያ ከጥንድ በሬው አንዱን ሸጠ። በአንድ በሬ ምን ይታረሳል? "አንድ ሰው አስቦ፣ አንድ በሬ ስቦ" ሲባል አልሰማችሁም? እሱ ግን አንድ ቀን "አጣሁ" ብሎ አያውቅም። የሰንበቴ ተራው ሲደርስ ዳቦውም ጠላውም ሳይጎድል ይመጣል። ከየት እንዳመጣው እሱና ፈጣሪው ይወቁ።

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሳይበተን፣ አይሱዙዋ ግቢው በር ላይ ደርሳ ቆመች። ጆንያዎቹ ወረዱ፣ ባነሩ ከዋርካው ተሰቀለ፣ ድምፅ ማጉያው ጮኸ። አሸናፊ የሚባል ፈገግታው የማይጠፋ የማኅበሩ ልጅ ወረቀቴን ያዘ። ሌላው ስልኩን ለፎቶ ደገነ።

"ችግረኛ ቁጥር አንድ!" አለ አሸናፊ። "አቶ አድማሴ!"

ቁጥር አንድ! እኔ ቀድሜ ያስጻፍሁት ስለምወደው ነበር፤ እንዲህ ተብሎ እንደሚጠራ የት አውቄ!

አድማሴ ከወንዶቹ በኩል ጋቢውን አጣፍቶ ቆሟል። ሥርጉት ከኔ አጠገብ ናት። ልጃቸው ሕሊና፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው፣ ከእኩዮቿ ጋር ከመዘምራኑ ዘንድ ናት። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየው። አሸናፊ ያልሰማ መስሎት ደግሞ ጠራው።

"ሌላ አድማሴ ይሆናል" አለ አድማሴ፣ ረጋ ብሎ። "እኔን አይደለም።"

በአጥቢያችን ሌላ አድማሴ የለም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ ተሳለመና ወጣ። ሥርጉትም አንገቷን ደፍታ ተከተለችው። ሕሊና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ሮጠች። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

ከዚያ ወዲያ ሁለት እሑድ አድማሴ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሴ ያላስታጎለ ሰው! ለሰንበቴውም "ከእንግዲህ ተራዬን ለሌላ ስጡ" ብሎ ላከ። እኔ ደግሞ አላርፍ አልሁ። ሰኞ ጠዋት አንድ ኩንታል በቆሎ በአህያ አስጭኜ "የሚካኤል ስለት ነው፣ ስለት አይመለስም" ብዬ ሰደድሁለት። ብልጠቴ ነው እንግዲህ። እኩለ ቀን ሳይሆን አህያዋ ተመለሰች፤ በቆሎው እንዳለ፣ ከላዩ ድንች የሞላች ከረጢት ተጨምራበት። "አህያዋ ባዶዋን እንዳትመለስ ብዬ ነው" አለ አሉ። ሰው በጨዋነት እንዲህ ይሰደባል? ተቃጠልሁ። ድንቹን ግን ቀቅዬ በላሁት፤ ምን ላድርገው?

ማክሰኞ ወፍጮ ቤት ከሥርጉት ጋር ተገናኘን። ጥሬዋ በመሐረብ የምትቋጠር ነበረች። ሰላምታ ሰጥታኝ ልታልፍ ስትል ክንዷን ያዝሁ።

"ሥርጉትዬ፣ በሞቴ፣ ተቀይማችሁኛል?"

"እኛ ማንንም አልተቀየምንም፣ እትዬ" አለች፤ ዓይኗ ግን ሞላ። "ልንሄድ ነው። አድማሴ ሐሙስ በሬውን ይሸጣል። ቡሬ እህል መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ የሚፈልግ ሰው አግኝቷል። ሕሊናም እዚያው ፋብሪካ ትገባለች።"

"ፈተናዋስ? ሊደርስ ወር ቀረው እኮ!"

"ፈተናው ቀረ" አለች። "ልጅቱ ራሷ 'ከሰው ፊት አልቆምም' ብላ ትምህርት ቤት ከቀረች ሳምንቷ ነው።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። በረዶው ያላፈናቀለውን ቤት እኔ በአንድ ወረቀት ላፈናቅለው! ከወፍጮ ቤት ቤቴ አልገባሁም፤ ቀጥ ብዬ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ ቄስ ክንፈሚካኤል ሄድሁ። ከደጃቸው ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

"አባ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ሆነሻል? እሳት ለብሰሽ እሳት ጎርሰሽ ነው የመጣሽው።"

ሁሉን ነገርኋቸው። አባ መጽሐፋቸውን አጥፈው ሰሙኝ። ስጨርስ "ወንጌሉ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል" አሉ። "አንቺ በድምፅ ማጉያ አሳወቅሽው።"

"ማጉያውን እኔ አላመጣሁት!"

"ወረቀቱንስ?"

በዲያቆኑ ላላክክ ከጅሎኝ ተውሁት።

"እንግዲህ ቀኖና ይስጡኝ" አልሁ። "ስግደት ይሁን። መቶም ሁለት መቶም ይሁን።"

"ጉልበትሽ ስግደት አይችልም" አሉ። "ነገ አድማሴ ቤት ትሄጂና አንድ ነገር ትለምኚዋለሽ። ቀኖናሽ ይኸው ነው።"

"እኔ? የምለምን?"

"አንቺ። ደግሞ የጎደለሽን እንጂ የሌለ ነገር ፈጥረሽ አይሆንም። የውሸት ከሆነ ሰውየውን ሁለተኛ ማዋረድ ነው።"

"አባ፣ እኔ ደግሞ ምን ጎደለኝ!"

"ሀብትነሽ" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። የነፍስ አባት ናቸዋ፤ የቤቴን ጓዳ ያውቁታል።

እንግዲህ እናንተም እወቁት። ልጄ ክንዱ ቡሬ ላይ የእህል ንግድ ጀምሮ ከስሯል። በታኅሣሥ ከጥንድ በሬዬ አንዱን፣ ወይኖን፣ ለሱ ብዬ ሸጥሁ። ለአገሩ ግን "ልጄ 'እናቴ፣ እርሻ ይብቃሽ፣ እኔ አለሁልሽ' አለኝ" እያልሁ አወራሁ። ያረጋል የሚባለው አራሼም የሚያርስበት ሲያጣ ሄደ። ጠቋር የተባለው በሬዬ ብቻውን በረት ይውላል። ያ የወንዝ ዳር መሬቴ፣ አገሩ ሁለቴ ሲያርስ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልተገመሰም። የቀረኝ ሁለት ኩንታል በቆሎ ነበር፤ ለአድማሴ የላክሁት አንዱን ነው። "መሬትሽ ምነው?" ሲሉኝ "ላከራየው አስቤ" እላለሁ። የአድማሴን ኩራት የምወቅሰው እኔ፣ የራሴን በስንት ቁልፍ ቆልፌ! ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል፤ እውነት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሄድሁ። አድማሴ ደጁ ላይ በሬውን ዳለቻን ለገበያ ያሰናዳል፤ ጨው ያስልሰዋል፣ ገላውን በጨርቅ ይጠርገዋል። ከበሩ አጠገብ ሁለት የተጠረዙ ጆንያዎች ቆመዋል፤ የቤት ዕቃቸው ነው።

"እትዬ፣ እንዴት አደሩ?" አለኝ። ክብሬን አልነሳኝም፤ ፊቱ ግን ዝግ ነው። ሥርጉት በርጩማ አመጣችልኝ።

ተቀመጥሁ። ስለ ዝናቡ ተናገርሁ። ስለ ዳለቻ ጀርባ ተናገርሁ። መለመን እንዲህ ይከብዳል? ስንቱ ድኻ በደጄ ሲያልፍ "ምን አለ ቢናገር!" ብያለሁ። በመጨረሻ ከአፌ የወጣው፣

"ወንፊት ታውሱኛላችሁ?"

አድማሴ በግርምት አየኝ። ሥርጉት ከአንዱ ጆንያ ውስጥ ፈልጋ ወንፊት አመጣችልኝ። ተቀበልሁ፤ ተነሣሁ፤ "ተገላገልሁ፣ ቀኖናዬን ፈጸምሁ" ብዬ እስከ አጥሩ ሄድሁ። ከዚያ እግሬ አልሄድም አለ። ወንፊት! ቤቴ ሦስት ወንፊት ተሰቅሎ! ተመልሼ ወንፊቱን ከበርጩማው ላይ አስቀመጥሁት።

"አድማሴ፣ ዋሸሁህ" አልሁ። "ወንፊት አልፈልግም። ያን ወረቀት ያጻፍሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ይቅር በለኝ። ሌላም አለ። ለልመና ነው የመጣሁት። ወይኖን የሸጥሁት ጠግቤ አይደለም፤ ልጄ ከስሮ ነው። ከቡሬ ምንም አይመጣልኝም። ያረጋልም ሄዷል። የወንዝ ዳር መሬቴ ጦሙን ሊያድር ነው። አንድ በሬ ነው ያለኝ፤ የሚያርስ ሰውም የለኝ። ዳለቻን ከጠቋር ጋር አቀናጅተህ እረስልኝ። እባክህ።"

"እባክህ" ያልሁትን ሰምቼ እኔው ደነገጥሁ። በዕድሜዬ ለባሌም ብዬው አላውቅ።

አድማሴ ጨርቁን ጣለ። "የወንዝ ዳሩ መሬት? ያ ጥቁር አፈር?"

"እሱ።"

"እስካሁን ያልተገመሰው አራሽ ጠፍቶ ነው?"

"አራሽ ጠፍቶ።"

"በግንቦት?!" ዘሎ ተነሣ። "ኧረ እትዬ፣ ጤናም የለዎት! እንዲያ ያለ መሬት! እኔ ላከራየው ነው ሲሉ ሰምቼ፣ የተከራየው ሰው ሰነፍ ነው እያልሁ በየቀኑ ሳልፍ እረግመዋለሁ። እርስዎን ኖሯል የምረግመው! እርስዎ አንድ በሬ ይዘው ተቀምጠው፣ እኔ አንድ በሬ ይዤ ተቀምጬ፣ በሁለት አጥር መካከል! ለምን አልነገሩኝም?"

"አንተስ ለምን አልነገርኸኝም?"

መጀመሪያ የሳቀችው ሥርጉት ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅሁ፤ አድማሴ ግን አልሳቀም። ተመልሶ ዳለቻ አጠገብ ቆመ፤ እጁን ከበሬው ሻኛ ላይ ጣል አደረገ።

"ለቡሬው ሰው ቃል ሰጥቻለሁ" አለ። "ልጄም እዚህ መቆየት አልፈለገች። ዛሬ ልናገር አልችልም፣ እትዬ። ነገ ጠዋት ያውቁታል።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ከደጄ ወጥቼ ቆምሁ። መንገዱ ላይ ገበያተኛው ይተማል፤ ዶሮ የያዘ፣ ሽንኩርት የተሸከመ፣ በሬ የሚነዳ። በኋላ አድማሴ ከግቢው ወጣ። ዳለቻን በገመድ ይዞ ከገበያተኛው ተቀላቀለና ወደ ማንኩሳ አቅጣጫ ይሄድ ጀመር። በቃ፣ አለቀ አልሁ። ሄዱ። ልጅቱም ከፈተናዋ ቀረች። ከደፉ ላይ ተቀመጥሁ።

መንገዱ ከኔ ግቢ ዘንድ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፍ ወደኔ ይታጠፋል። አድማሴ ቆመ። የጫማውን አፈር አራገፈ። ከዚያ ገመዱን ሳብ አድርጎ ወደኔ ታጠፈ።

"እትዬ!" ብሎ ጮኸ ከሩቁ። "ጠቋርን ገና አላወጡትም እንዴ? ፀሐይ ወጣች እኮ!"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሚካኤልን አመሰገንሁ፣ አባ ክንፈሚካኤልን መረቅሁ፣ ዓይኔን እየጠረግሁ ወደ በረት ሮጥሁ። በዚያ ጉልበቴ ሮጥሁ ስላችሁ!

በሬዎቹ እስኪላመዱ ትንሽ ተገፋፉ። አድማሴ ቀንበሩን እየጫነ፣ ዞር ሳይል፣ "ስንቁን እንነጋገር" አለኝ። "በሬ እንጂ ሰው ያላመጣ የአራሹን ስንቅ ይችላል። ደንቡ ነው።"

"ደንቡ ነው" አልሁ፣ ልቤ እየዘለለ። "አንድ ኩንታል በቆሎ።"

"ያችን የመለስኋትን?"

"ያችኑ።"

"ያኔ ስለት ነበረች" አለ። "አሁን የጉልበቴ ናት። ማታ ሥርጉት አህያ ይዛ ትመጣለች። መጀመሪያ የእርስዎን፣ ቀጥሎ የኔን፣ ተራ በተራ እናርሳለን። ዘር ላይ እንዳያዘገዩኝ።"

"አላዘገይህም!"

"ለቡሬው ሰው ይቅርታ እልክበታለሁ። ሕሊናንም ትናንት ማታ አናገርኋት። 'እትዬ ሀብትነሽ መጥተው ለመኑኝ' ስላት 'እውነትህን ነው?' አለችኝ ሦስት ጊዜ።" ሊስቅ ቃጥቶት ተወው። "አሁን ልብሷን እያጠበች ነው። ሰኞ ትምህርት ቤት ልግባ ብላለች፤ እንግዲህ ሰው ካላሳፈራት።"

ማረሻው መሬቱን ሰንጥቆ ሲገባ የአፈሩ ሽታ ደጄ ድረስ መጣ። ከማሳው ዳር ካለው ድንበር ላይ ወጥቼ ቆምሁ። ማሳው ከገበያው መንገድ ጋር ይዋሰናል፤ አላፊው ሁሉ ያያል። ያን ጊዜ ነው ሠርክአዲስ የደረሰችው። ሠርክአዲስ የላይ ሰፈር ሴት ናት፤ ቅቤ ትነግዳለች፤ ወሬዋ ከሷ ቀድሞ ገበያ ይገባል።

"አድማሴ!" አለች ቆም ብላ። "ዛሬ በሬ ልትሸጥ አልነበር? ምን እየሠራህ ነው እዚህ?"

አድማሴ ወደኔ አየ። ከዚያ ወደሷ።

"እትዬ ሀብትነሽ በሬያቸውን አቀናጅተውኝ ነው" አላት። "በሬዬ አቻ አጥቶ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣቸው።"

"አቤት እትዬ ሀብትነሽ!" አለች ሠርክአዲስ፣ አብረዋት ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ። "የድኻ እናት! እርስዎ ባይኖሩ ይህ ሰው ምን ይውጠው ነበር!"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለአንድ አፍታ ጣፈጠኝ። የድኻ እናት! ስሜም ተጠበቀ፣ የክንዱም ጉድ ተሸፈነ፣ የወይኖም ነገር ተረሳ። ዝም ብል ማንም አያውቅ። ግን አድማሴን አየሁት። እርፉን ይዞ አንገቱን ደፍቷል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሞ የወጣ ቀን እንደነበረው። እያወቀ ነው የደፋው፤ የኔን ጓዳ ለመሸፈን ብሎ ያን የችግረኛ ስም ሁለተኛ ተሸከመው።

"ሠርክአዲስ!" ብዬ ጮኽሁ። ድምፄ ማጉያ አይፈልግም። "ስሚኝ! የቆማችሁም ስሙ! እሱ አይደለም የተቸገረው፣ እኔ ነኝ! ልጄ ከስሮ በሬዬን ሸጥሁ፤ አራሽ አጣሁ፤ መሬቴ ጦሙን ሊያድር ነበር። ትናንት ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ እባክህ ብዬ ለምኜው ነው የሚያርስልኝ። ገበያ ስትደርሺ እንዲሁ ብለሽ አውሪ፤ አንዲት ቃል እንዳታጎድዪ!"

ሠርክአዲስ ቅቤዋን ይዛ ሮጠች፤ ይህን ወሬ ይዞ ማን ይቆማል?

አድማሴ በሬዎቹን አቁሞ ወደኔ መጣ። "ምነው እትዬ፣ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ሸፍኜልዎት ነበር እኮ።"

"አንተን ያዋረደህ አፌ ነው" አልሁት። "አፌ ይክፈል።"

ከዚያ ከፋሲካ ወዲህ ሳይስቅ የቆየውን ሁሉ ሳቀው፤ ጅራፉን ተደግፎ፣ እንባው እስኪወርድ። እኔም እያለቀስሁ ይሁን እየሳቅሁ አላውቅም።

"በሉ አሁን ከድንበሩ ላይ ይውረዱ" አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። "በጩኸትዎ በሬዎቹን አስደነበሩብኝ። ደግሞ ምሳ ይዘው ይምጡ፣ አራሽ ይርበዋል።"

እኔ ሀብትነሽ፣ ሰው ሲያዘኝ የማልወድ ሴት፣ ምንም ሳልመልስ ወርጄ ምሳውን ልሠራ ሄድሁ።